የሽቦ ጎጆ

የመጣሁ ሰሞን ነው፤ «ጋርጉር አምጪ» ሲለኝ፣
በአረብኛ ልሳን ቆርቆሮ መሰለኝ፤
ጓሮውን በርብሬ አንድ ዝገታም ክዳን
ባቀርብለት ጊዜ ሳቀ እንደ ሕፃን።

ጋርጉር ማለት ለካ የሽቦ ጎጆ ናት፣
ጉልላት ቅርጽ ያላት፣ ምሰሶ የሌላት፤
ዓሣ በአንገቷ ሰተት ብሎ ይገባል፣
መውጫውን ሲፈልግ ይነጋል፣ ይመሻል።

የሐጂ መኪ ግራ እጅ ጣቱ አራት ነው፣
አንዱን የመልሕቅ ገመድ ድሮ ነው የነጠቀው፤
በቀሩት ይገምዳል፣ ይቆልፋል ሽቦ፣
በሲትራ ነዳጅ ጋኖች መብራት ሥር፣ አንገቱን ወደ ታች ስቦ።

ዙሪያሽ ነው ስሜ፤ እሱ «ዙራ» ይላል፣
የቀረውን ፊደል ባሕር ወስዶበታል።
የተቀጠርኩት ለቤት፣ ለዕቃ፣ ለመጥረጊያ፤
ሽቦው ግን የራሴ ነው፣ የማታ ማረፊያ።
የዝዋይ ልጅ ነኝና ዓሣ አልጠፋኝም፣
አባቴ ሲያረጅ ያለው ከጆሮዬ አልወጣም፦
«ሐይቅ ሲጎድል በውሃው አይታወቅም፤
የመረቡን ዓይን እይ፣ እሱ አይደብቅም።»
እውነቱን ነው። በሦስት ጣት የጀመረው ዓይን
አንድ ጣት ሲሆን፣ ቆሮሶው ሆነ ቅጠል፣ ቀጭን።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሞተሩ ያስላል፣
ሞፊዙል በረዶ ይጭናል፣ ጸሎት ይላል፤
ሐጂ መሪውን ይዞ ሰማዩን አያይም፣
የሚያየው የነዳጁን መርፌ ነው፤ ኮከብ አያስከፍልም።

አርባ ጋርጉር ጥሎ አሥራ አንዱ ጠፋበት፣
መርከብ ገመድ ቆርጦ፣ ወይ አሸዋ በልቶበት፤
ከቀሩት የወጣው ሰባት ኪሎ ሳፊ፣
ሁለት ሃሙር፤ ከመንገድም አንድ ነጠላ ጫማ፣ ተንሳፋፊ።

ገበያው ላይ ደላላው ዋጋ ይጠራል፤
ደላላ እዚህም ደላላ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?
ከጎኑ በአውሮፕላን የመጣ፣ ገንዳ ያሳደገው ዓሣ፣
በመልክ መንታ፣ በዋጋ ርካሽ፣ ማዕበል የማያወሳ።

ሲመለስ ሒሳቡን ካርቶን ላይ ይጽፋል፦
ነዳጅ ይቀነሳል፣ በረዶ ይቀነሳል፣
የሞፊዙል ድርሻ፣ የሽቦ፣ የዘይት፤
የተረፈው ሽታው ነው፤ እኔ ነኝ የማጥበው ሌሊት።

ማዶ፣ የብረት አውሬ አሸዋ ትመጣለች፣
ከባሕሩ ሆድ ጠጥታ ባሕሩ ላይ ታስመልሳለች።
አባቱ በገመድ ለክቶ «ዘጠኝ ክንድ» ያለው ጥልቅ
ዛሬ አስፋልት ነው፣ ዘንባባ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ፎቅ።
ባሕሩን ደፍነው ሲያበቁ «ባሕር ዳር» ብለው ሸጡት፤
ዳሩንስ አየሁት፣ ባሕሩን ግን የት አደረጉት?

ልጁ ፋዲል መጣ፣ ከአሉሚኒየም ፋብሪካው፣
ፈረቃው እንደለቀቀው፣ ሳይወልቅ የራስ ቆቡ፣ ጫማው፦
«አባ፣ ፈቃዱን ሽጠው። ገዢ አለ፣ ከነጀልባው።»
ሐጂ ሽቦውን አልለቀቀም።
መልስም አልሰጠም።

በአረብኛ ነው ያለው፤ በአማርኛ ሰማሁት፣
በእኛ አፍ «ፈቃድ» ሁለት ነው፤ ሁለቱንም አሰብኩት፦
ወረቀቱስ ይሸጥ፤ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚያስነሣውን ማን ነው የሚገዛው?

ፋዲል ሲሄድ ከኪሱ የጥጥ ክር አወጣ፦
«ዙራ፣ የጎኑን በር በዚህ እሰሪው፤ ጋርጉሩ ቢጠፋ ዓሣው እንዲወጣ።
አሥራ አንዱ ታች ናቸው፤ እስካሁን ያጠምዳሉ፣
አንሺ በሌለበት ዓሦቹ ይገባሉ፣ ይሞታሉ።»
«ስንት ቀን ይቆያል ክሩ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣
«ሁለት ወር። ሦስት። እንደ ውሃው ሙቀት» አለና ሽቦ አጠበቀ።

ውሃው ደግሞ በየዓመቱ ይሞቃል።
እኔ የአባቴን ቋጠሮ ነው ያሰርኩት፣
አንዴ ዞሮ፣ ሾልኮ፣ ዳግም የሚዞረውን፤ በጥርሴ ነው ያጠበቅኩት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሞተሩ አሳለ።
አርባ አልነበሩም፤ ሠላሳ ናቸው፤
በሠላሳኛው ላይ ነጭ ክር አለ።